የመምህር ተስፋሚካኤል ሁለት ፊርማዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ ያደረግነው መሐላ ነው። ቀኝ እጃችንን አነሳን፤ አንዲት ሴት ከወረቀት እያነበበች እኛ ተከተልናት። ከዚያ የአንገት ባጅ ታደለን። ባጄ ላይ ከስሜ በታች «የምርጫ ዳኛ» የሚል በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። እዚህ ዴንቨር ፖስታ የሚከፍተውም፣ ወረቀት የሚለየውም፣ ፊርማ የሚያየውም ጊዜያዊ ሠራተኛ ሁሉ ዳኛ ነው የሚባለው። ካባ የለ፣ መዶሻ የለ፤ የሚሰጡህ ወረቀት መቁጠሪያ የላስቲክ ጣትና፣ ማንም የሰው ድምፅ ላይ እንዳይጽፍ፣ ሰማያዊም ጥቁርም ያልሆነ እስክሪብቶ ነው።

ለልጄ ስነግራት «ማሚ፣ ጃጅ? ሲሪየስሊ?» ብላ ሳቀችብኝ። ወሬው እድራችን ጋ ደረሰና በሳምንቱ አንድ ታክሲ ነጂ የትራፊክ ቅጣቱን ይዞ መጣ። «እባክሽ እትዬ ፀዳለ፣ አንቺ አንድ ቃል ብትናገሪልኝ» አለኝ። የእኔ ሥልጣን ፖስታ ላይ እንደሚያበቃ ባስረዳውም አላመነኝም። እስካሁን ኮራችብኝ የሚል ይመስለኛል።

የተመደብኩት ፊርማ ማረጋገጫ ክፍል ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የድምፅ መስጫው ወረቀት፣ ባሎት የምንለው፣ ለመራጩ ሁሉ በፖስታ ይላካል። መራጩ ቤቱ ሞልቶ ኢንቨሎፕ ውስጥ ያሽገውና ኢንቨሎፑ ጀርባ ላይ ይፈርማል። እኛ ያንን ፊርማ ፋይል ውስጥ ካለው ጋር እናስተያያለን። ከስክሪኑ በግራ የኢንቨሎፑ፣ በቀኝ የፋይሉ። የፋይሉ ፊርማ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የፈረመው ነው።

አጠራጣሪው ወደ ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ይሄዳል። ሁለቱ ከተለያየ ፓርቲ መሆን አለባቸው። ሁለቱም «አይመሳሰልም» ካሉ ባሎቱ አይቆጠርም፤ ይቀመጥና ለመራጩ ደብዳቤ ይላካል። እሱም ፎርም ሞልቶ፣ መታወቂያ አያይዞ ከምርጫው በኋላ እስከ ስምንተኛው ቀን ከመለሰ ይቆጠርለታል። ከሁለቱ አንዱ «ይመሳሰላል» ካለ ግን ያልፋል። ይቺን የመጨረሻዋን ደንብ ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ለሥራው እንግዳ አልነበርኩም። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ውስጥ የፊርማ ካርድ ክፍል ነበርኩ። አለቃችን አቶ ግርማ ቀጭን፣ ነጭናጫ ሰው ነበሩ። በገባሁ በሁለተኛው ቀን የአንዱን ደንበኛ ወረቀት አይቼ «ስሙ ልክ ነው» ብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «ስሙን ማን አንብቢ አለሽ? ስም ማንም ይጽፋል። እጁን እይ። የት ይጀምራል፣ የት ይጫናል፣ የት ያነሳል!» አሉኝ። ያን ቀን ጠልቻቸው ነበር። እዚህ መጥቼ ግን ከሥልጠናው ይልቅ የረዳኝ የእሳቸው ቁጣ ነው።

ጠረጴዛ የምጋራት ጁዲ ትባላለች። ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ባስ ሹፌር ናት፤ እሷ ሪፐብሊካን፣ እኔ ዴሞክራት። ከፊርማ በስተቀር በአንድም ነገር ተስማምተን አናውቅም። በአየሩ እንኳ አንስማማም፤ እኔ ሲበርደኝ እሷ መስኮት ትከፍታለች። ፊርማ ላይ ግን ዓይኗ ንስር ነው። «አየሽ፣ ይሄ ሰው መኪና ውስጥ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ነው የፈረመው» ትለኛለች፤ ልክ ናት።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ እናያለን። የስቴቱ ሴኔት ዲስትሪክቶች፣ የምርጫ ክልሎች ማለት ነው፣ የተሰመሩበት ካርታ ነው። ይሄ ካርታ ለምን ልቤን እንደያዘው አላውቅም፤ ወሬ መውደዴ ይሆናል። ሞንትቤሎና ግሪን ቫሊ ራንች የሚባሉት ሰፈሮቻችን ያሉበትን ዲስትሪክት በጣቴ ዞርኩት፤ መስመሩን ማን ያወጣዋል፣ ከእኛ በፊት ማን ነበረበት፣ ለምን እዚህ ጋ ታጠፈ? ጁዲ በዚያ ሰፈር ለዘመናት ባስ ስለነዳች ታውቀዋለች። «ግሪን ቫሊ ራንች ቤት ሳይሆን ሜዳ ሳለ ነው የማውቀው። ሰው ሲበዛ መስመሩ ይጠባል» አለችኝ። ከየሕዝብ ቆጠራው በኋላ መስመሩ እንደገና ይሰመራል፤ አንዱ ጎረቤት ይወጣል፣ ሌላው ይገባል። እኔ አንድ ደብተር ገዝቼ ማን መቼ ተመረጠ፣ ማን ለቀቀ፣ መስመሩ የት ሄደ እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ልጄ «ማሚ፣ ሁ ኬርስ?» ትለኛለች። እኔ ኬር አደርጋለሁ፣ ምን ታደርጉኛላችሁ?

ደብተሩ አንድ ጊዜ ጠቅሞኛል። ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ሱቅ ያላቸው ሁለት ጓደኛሞች ተጣሉ። አንደኛው የሚኖረው በሞንትቤሎ በኩል ነው፣ ሌላው እዚያው መንገድ ላይ ወደ ደቡብ ወርዶ አውሮራ። አንዱ ባሎት ላይ የሴኔት ተወዳዳሪ አለ፣ የሌላው ላይ የለም። የሌለው ሰው «ስሙን ሰርዘው ላኩልኝ!» ብሎ ሰማይና ምድር አገናኘ። አንዱ ዴንቨር፣ አንዱ ሌላ ካውንቲ መሆኑን፣ ሴኔተር ደግሞ ለአራት ዓመት ስለሚመረጥ ግማሹ ወንበር ዘንድሮ፣ ግማሹ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን በደብተሬ አስረዳኋቸው። «እና እኔ ዘንድሮ አርፌ ልቀመጥ?» አለ። አርፈህ ተቀመጥ አልኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ ታሪኩን ግን «ጻፊው፣ ሌላው እንዳይሳሳት» ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።

መምህር ተስፋሚካኤል ኤርትራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ በአማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው። የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። እዚህ ከመጡ በኋላ የኤርፖርት ፓርኪንግ መውጫ ላይ በመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ትኬት ሲቀበሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሞንትቤሎ ነው ቤታቸው። ዜግነት የወሰዱት ዘግይተው ነው፤ በሕይወታቸው አንድም ቀን ድምፅ ሰጥተው አያውቁም። በዚያ ዓመት የኛ ዲስትሪክት ወንበር ክፍት ሆነ፤ የነበሩት ሴኔተር ሁለት ዘመን ጨርሰው ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድላቸውም። ፓርቲው ዕጩውን በሚለይበት የሰኔ ምርጫ ሁለት ሰዎች አንገት ለአንገት ተያያዙ። መምህር የሁለቱንም በራሪ ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ እያሰመሩ አነበቡ አሉ። አንደኛውን በራቸው ድረስ የመጣውን ተወዳዳሪ ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ ጠይቀው አላስገቡትም፣ አላስወጡትም፤ ሰውየው በረንዳ ላይ ቆሞ ተፈተነ።

ከምርጫው በፊት ባለው ዓርብ አንድ ኢንቨሎፕ እኔና ጁዲ ጠረጴዛ ላይ መጣ። በቀኝ የፋይሉ፦ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አንድ በአንድ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ የተለቀመ ስም። በግራ የኢንቨሎፑ፦ በአማርኛ፣ «ተ»ን ከላይ አስነስቶ ጅራቱን እስከ መስመሩ ጫፍ የወሰደ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፣ ባለ ግርማ ሞገስ ፊርማ።

ጁዲ ዓይኗን አጠበበች። «ይሄ ምንድነው? ሥዕል ነው?» አለችኝ።

ሥዕል አልነበረም። ከዚያ ሕንፃ ውስጥ ሊያነበው የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። አነበብኩት። ስማቸው ነው።

«ይመሳሰላል?» አለች ጁዲ። «እኔ አይመሳሰልም ነው የምለው። አንቺስ?»

እንግዲህ ያቺ ደንብ። እኔ አንድ ጊዜ «ይመሳሰላል» ብል ድምፃቸው ያልፋል። እጄ ላይ ነው። ግን አቶ ግርማ ጆሮዬ ላይ ጮኹ። ስሙን ማን አንብቢ አለሽ? አማርኛ የሚጽፍ ሁሉ «ተስፋሚካኤል» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ቤት ውስጥ ያለ ዘመድ ሊጽፍ ይችላል። የማስተያይበት ሌላ የአማርኛ ፊርማ የለኝም። ሁለቱ ፊርማዎች በመነሻም፣ በጫናም፣ በማንሻም አይገናኙም። የሐበሻ ስም ስላነበብኩ ካሳለፍኩ፣ ጁዲም ነገ የምታውቀው ስም ስላየች ታሳልፋለች፤ ያኔ ጠረጴዛው ምን ያደርጋል?

«አይመሳሰልም» አልኩ። ጁዲ ቁልፉን ተጫነች። ቀጣዩ መጣ።

የእድር ስብሰባችን ከምርጫው በኋላ ባለው እሁድ ነበር። ደብዳቤ ሐበሻው እንደማይከፍት አውቃለሁ፤ ከመንግሥት የመጣ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ወይ ማስታወቂያ ነው ወይ መዓት ነው ብሎ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ስለዚህ አለቃችንን ካርላን ጠየቅኳት፤ እድር ላይ መናገር እችላለሁ? እሷ የሕግ ሰው ጠይቃ መጣች። «ስም አትጥሪ። ማንንም ለይተሽ አታናግሪ። ደብዳቤ የደረሰው ይክፈት ማለት ትችያለሽ። ሰው ራሱ ደብዳቤውን አምጥቶ ቢጠይቅሽ የተጻፈውን ማስረዳት ትችያለሽ። ከዚያ አንድ እርምጃ እንዳታልፊ» አለችኝ።

እሁድ ግሪን ቫሊ ራንች አዳራሹ በር ላይ ፓርክ አድርጌ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት የመምህርን ባርኔጣ ነው። ከባሎቱ ጋር የሚላከውን «ድምፅ ሰጥቻለሁ» የሚለውን ክብ ወረቀት ባርኔጣቸው ላይ ለጥፈውታል። አንዷ ሴትዮ «ክትባት ወሰዱ እንዴ መምህር?» አለቻቸው። «መረጥኩ!» አሉ፣ ባርኔጣውን ነካ አድርገው። «ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አሁን ገና መረጥኩ።» ሰው አጨበጨበላቸው። እኔ ድምፃቸው ካልተቆጠሩት መደርደሪያ ላይ እንዳለ እያወቅኩ አብሬ አጨበጨብኩ። እንዴት እንዳፈርኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ተራ ሲሰጠኝ ተነስቼ ተናገርኩ። ወደሳቸው እንዳላይ ጣራ ጣራውን እያየሁ ነበር። «ከምርጫ ቢሮ ደብዳቤ የደረሰው ካለ ይክፈተው። የቅጣት አይደለም። እስከ ረቡዕ ነው ጊዜው።» ተቀመጥኩ።

ሲበተን መምህር መኪናዬ ድረስ መጡ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ደብዳቤውን አወጡ። ተከፍቷል፤ በቀይ ተሰምሮበታልም።

«አንቺ ስትናገሪ ከፈትኩት፤ አንብቤዋለሁ» አሉኝ። «ፊርማህ ያንተ አይደለም ነው የሚለኝ። እኔ አጭበርባሪ ነኝ?»

«አይደሉም መምህር። ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር አልገጠመም ነው የሚለው።»

«ፋይሉ ውስጥ ያለው ምንድነው?»

«መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ምን ፈረሙ?»

ትዝ አላቸው። «ልጅቷ ስምህን ጻፍ አለችኝ። ጻፍኩላት። በእንግሊዝኛ። እሱ ፊርማ ነው እንዴ? መኪና ለመንዳት ነዋ! ይሄ ግን ድምፅ ነው። ለድምፅ እንደዚያ ያለ የልጅ ጽሑፍ ይሰጣል? እውነተኛዬን ነዋ የፈረምኩላቸው!»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እነዚህ የኛ ትልልቅ ሰዎች ሁለት ፊርማ አላቸው። አንዱ ለመሥሪያ ቤት መስኮት፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለአፓርታማ ኪራይ። ሌላው ለቁም ነገር። ያንን ሌላውን ፋይሉ አያውቀውም። የወደቁት ቸል ስላሉ አይደለም፤ ስላከበሩት ነው።

«ፎርሙን ሞልተው መታወቂያ ያያይዙ፣ ይቆጠርልዎታል» አልኳቸው።

«አላደርገውም። በዚህ ፊርማ ስንቱን ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል አሳልፌያለሁ። አሁን በስተርጅና የኔው ነው ወይስ አይደለም ተብዬ ማስረጃ ላቀርብ? ይቅርብኝ!» አሉና ደብዳቤውን አጥፈው ሄዱ። ባርኔጣቸውን ከራሳቸው አውልቀው በእጃቸው ይዘውት ነበር።

ሰኞ የለም። ማክሰኞ የለም። ደውዬ ልለምናቸው እችል ነበር፤ እንዳላደርገው ደግሞ ምያለሁ። ጁዲ «ዛሬ ምን ሆነሻል ሆኒ?» አለችኝ። «ጨጓራዬ ነው» አልኳት። የውጤቱ ልዩነት ጠባብ ሆኖ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች የቀረውን ወረቀት እየጠበቁ ነው፤ ታዛቢዎች ከመስታወቱ ውጭ ተደርድረው እጃችንን ያያሉ።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ በመስታወቱ ቀና ስል መምህር መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። አጠገባቸው ሙሉ የምትባል ግሪን ቫሊ ራንች የምትኖር ነርስ አለች። መምህር የደበዘዘ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ካርቶን በሁለት እጃቸው ዘርግተው ለሠራተኛዋ ያሳያሉ። ሠራተኛዋ ራሷን ትነቀንቃለች። እሳቸው በጣታቸው ካርቶኑ ላይ መታ መታ ያደርጋሉ።

ካርላ ሄዳ አነጋገረቻቸው፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። «ይሄን አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለችን። «ሰውየው የተማሪ ውጤት ካርድ ይዞ መጣ። አብራው ያለችው ተማሪው ነበረች። ለነርስነት ፈቃድ ብላ ከአገሯ ያመጣችው ካርድ ነው፤ ከታች የሱ ፊርማ አለበት። መታወቂያህና ፎርሙ ይበቃል ብለው ‹የጠየቃችሁኝ ፊርማዬን ነው፤ ፊርማዬ ይኸው› አለኝ። ኮፒ አድርጉና አስቀምጡልኝ ይላል። ፋይል ውስጥ አይገባም። ኮፒውን ግን አድርጌ ሰጠሁት።»

«ፎርሙንስ ፈረመ?» አለች ጁዲ።

«ፈረመ። ያንኑ ሥዕል።»

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ጁዲ ምንም ሳትጠይቀኝ መስኮቱን ዘጋችልኝ።

ድምፃቸው ተቆጠረ። ማንን እንደመረጡ አልጠየቅኳቸውም፤ አልነገሩኝምም። ያሸነፈው ሰው በዋናው ምርጫም አሸንፎ ዴንቨር ላይ መሐላ ፈጽሞ ወንበሩን ያዘ፤ እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

የዘመኑ አጋማሽ ላይ ሴኔተሩ ሌላ ሥራ አግኝቶ ለቀቀ። በዚህ ስቴት እንዲህ ሲሆን ምርጫ አይጠራም፤ የፓርቲው ኮሚቴ ከዲስትሪክቱ ተሰብስቦ ተተኪውን ይመርጣል። መምህር እድር ላይ ያዙኝ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ እኔ የሰጠሁትን ወንበር ማን ለማን ሰጠው?»

ስለ ኮሚቴው አስረዳኋቸው። ከት ብለው ሳቁ። «ለእኔ አንዲት ፊርማ ያን ያህል ስትጨነቁ፣ ወንበሩን በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ሞላችሁት?» ደብተሬ ላይ ያለው ሕግ ያው ነው።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንቺ ነሽ አይደል የጣልሽኝ?» አሉኝ።

አዎ ማለት አልችልም፣ አይ ማለት ደግሞ ውሸት ነው።

«አትመልሺ» አሉኝ። «እዚያ ቤት ሌላ አማርኛ የሚያነብ የለም። ስታነቢው ስሜን እንዳየሽ አውቃለሁ። መጀመሪያ ተናድጄብሽ ነበር። ኋላ ግን አሰብኩት። እኔም አንድ ዓመት የፈተናው ማረሚያ መልስ ወረቀት ራሱ ተሳስቶ፣ በዚያ እያረምኩ አንድ ክፍል ልጅ በሙሉ ጥያቄው ላይ ጣልኩ። ልጆቹ ልክ ነበሩ። እኔም እንደ መልስ ወረቀቱ ልክ ነበርኩ። መታረም የነበረበት መልስ ወረቀቱ ነው።» ትከሻዬን መታ አድርገው ሄዱ። ከተቀጣሁባቸው ቀናት ሁሉ እንደዚያ ያቀለለኝም ያሳፈረኝም የለም።

ወንበሩ እንደገና ለምርጫ ሲቀርብ ኢንቨሎፓቸው መጣ። አሁን ስለማውቃቸው ወንበሬን ዞር አድርጌ «ሌላ ሰው ይይልኝ» አልኩ። ካርላ አጠገባችን ከነበረው ጠረጴዛ አንድ ሰው አመጣች። ጁዲ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰች። በግራ የኢንቨሎፑ፣ በቀኝ ያኔ ፎርሙ ላይ የፈረሙትና ፋይላቸው ውስጥ የገባው፤ ሁለቱም ያ ጅራቱ ረጅም «ተ»፣ ሁለቱም ከሥራቸው ሁለት ጊዜ የተሰመረባቸው።

«ይሄማ አንድ ሰው ነው» አለች ጁዲ። አንዲት ፊደል ማንበብ አትችልም። ሦስት ሰከንድ አልፈጀባትም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሊመዘገብ ወይም መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲል አንድ ነገር ነው የምነግረው። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ብትቸኩልም፣ ስምህን ጻፍ ብትልህም፣ በጣም ለምታከብረው ነገር የምትፈርመውን ፊርማ ፈርም። ድምፅህ ሲመጣ የሚፈለገው እሱ ነው።